ልጅን ቤት ለማስተማር ስንት ብር ይበቃል?

በዚህ ወር ከጎንደር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ልጅን ቤት ስለ ማስተማር። አንዷ ብር አጥሯት ነው። አንዱ የልጁ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት። አንዷ ደግሞ አያት ናቸው፣ ልጁን የሚያደርስላቸው ሰው የለም። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፤ መሠረቱ እሱ ስለሆነ ሌሎቻችሁም አንብቡት።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከማራኪ ነው። 7 ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ኬጂ ጨርሳለች፣ ዘንድሮ 1ኛ ክፍል መግባት ነበረባት። የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረና አቃተን። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ልጅ በልጅ ሆኖ ተጨናንቋል፣ መንገዱም ለትንሽ ልጅ ያስፈራል። እና ይህን ዓመት ቤት ላስተምራት አሰብኩ። የተማርኩት እስከ 10ኛ ነው፣ እንግሊዝኛ አይሆንልኝም። ጎረቤቶቼ "ልጅሽን ልታደነቁሪያት ነው" ይሉኛል። ምን ልግዛ? በቀን ስንት ሰዓት ላስተምር? ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ትቀርብኝ ይሆን?

መልስ፦

እህቴ፣ አታደነቁሪያትም። በዚህ ከተማ እኮ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው የኔታ እግር ሥር፣ ዛፍ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዴስክ የለ፣ ዩኒፎርም የለ። አንድ ፊደል ገበታና አንድ ስንጥር። ከዚያ ተነስተው ነው ዳዊት የደገሙት፣ ቅኔ የተቀኙት፣ ሊቅ የተባሉት። ስለዚህ በጥቂት ዕቃ መማር ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም።

ግን ስለ ብሩ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። የልጅሽ ስም ከመዝገብ አይጥፋ። እናት ልጇን ማንበብና መቁጠር ማስተማር ትችላለች፣ የክፍል ካርድ ግን መስጠት አትችልም። ልጅቷ ከዓመት በኋላ 2ኛ ክፍል ልግባ ስትል "ካርድሽ የታለ?" ትባላለች። በኋላም 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና አለ፣ ለፈተናው የሚያስመዘግባት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሁለት ቦታ ሂጂ። አንደኛ በአቅራቢያሽ ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ርዕሰ መምህሩን አናግሪው። ሁለተኛ ወደ ክፍለ ከተማሽ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። "ልጄ ዘንድሮ ቤት ብትማር፣ በሚቀጥለው ዓመት በምን ምዘና ትገባለች?" ብለሽ ጠይቂ። የነገሩሽን ጻፊው። የነገረሽን ሰው ስምና ቀኑንም ጻፊ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ ከቻልሽ ግማሽ ግማሽ አድርጊው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍያ የለውም። ብዙ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ብትቀመጥም ስሟ ይኖራል፣ ጓደኛ ታገኛለች፣ ማንበቡን ደግሞ አንቺ ቤት ታጠብቂዋለሽ። መንገዱን ከሠፈርሽ ሁለት ሦስት እናቶች ጋር ሆናችሁ በተራ ብታደርሱ ይቀላል። እሱ ካልሆነ ግን፣ ቤት ማስተማር ይቻላል። እሺ፣ ወደ እሱ ልግባ።

መጀመሪያ የማትገዥውን ልንገርሽ። ታብሌት አትግዢ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀለም ሥዕል አትግዢ። ዴስክም አትግዢ፣ ከፊት ለፊቷ በርጩማ አድርገሽላት ምንጣፍ ላይ ብትቀመጥ ይበቃታል። የምትገዥው ስድስት ደብተር፣ አንድ ደርዘን እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ፣ አንድ ፓኮ ጠመኔ ነው። ከአናጢ ቤት የተረፈ ኮምፔንሳቶ ለምነሽ ጥቁር ቀለም ቀቢው፣ ሰሌዳ ሆነልሽ ማለት ነው። የ1ኛ ክፍል መጻሕፍቱን ደግሞ አምና 1ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ካለው ጎረቤት ተዋሺ። ካጣሽ የመማሪያ መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ ይገኛሉ፤ ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቤት አንድ ቀን ሄደሽ ስልክሽ ላይ አውርጃቸው። ሁሉንም ፎቶ ኮፒ ላስደርግ አትበዪ፣ ብሩ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። የምትሠራበትን ገጽ ብቻ አስደርጊ፣ ሌላውን አንቺ ሰሌዳ ላይ ጻፊላት። ይህ ሁሉ ተደምሮ የግል ትምህርት ቤት የአንድ ወይ የሁለት ወር ክፍያ ቢሆን ነው።

ሰዓቱ። ለ7 ዓመት ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል። እውነቴን ነው። አንድ መምህር 60 ልጅ ይዞ በግማሽ ቀን የማይደርሰውን አንቺ ከአንድ ልጅ ጋር በሁለት ሰዓት ትደርሽዋለሽ። እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ የራሴን ልጅ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አስቀምጬ፣ ደወል ብቻ ነው ያልደወልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ደብተር ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ወደ ሁለት ሰዓት አወረድኩት፣ ለቅሶውም ቆመ፣ ንባቡም ሄደ። አንቺ ጋግረሽ ስትጨርሺ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት በይ። 25 ደቂቃ ተማሩ፣ ትንሽ ትሩጥ፣ እንደገና 25 ደቂቃ። ሰዓቱ ግን በየቀኑ አንድ ይሁን። ዛሬ ጠዋት፣ ነገ ማታ፣ ከነገ ወዲያ ጭራሽ ከሆነ አይያዝም።

አሁን ዋናው፣ ንባብ። ዘንድሮ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር። ብዙ ልጅ ኬጂ ጨርሶ ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ ይወርደዋል፣ ግን ፊደሉን አያውቀውም። ልጅሽን ዛሬ ፈትኛት። ገበታው መሀል ላይ አንዱን ፊደል፣ ሜ በይው፣ በጣትሽ ያዢና "ይህ ማን ነው?" በያት። ከመስመሩ መጀመሪያ ተነስታ መ ሙ ሚ ማ ብላ ከቆጠረች በኋላ ከደረሰችበት ገና ዜማውን ነው የያዘችው። የድሮዎቹ መምህራን ይህን ያውቁ ነበር፣ አቡጊዳ የተባለው ለዚህ ነው፤ ፊደሉን አዘበራርቀው አ ቡ ጊ ዳ እያሉ ያስቆጥሩ ነበር፣ ልጁ በዜማ እንዳያመልጥ።

ፊደሉ 33 ቤት ነው፣ በ7 ሲባዛ 231። ልጅ 231 ነገር ልሸምድድ ቢል ይታክተዋል። ግን ሥርዓት አለው፣ ሥርዓቱን አሳያት። ካዕቡ አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ ጎኑ ላይ ጭረት ያወጣል፦ ሉ፣ ቡ፣ ሙ። ሣልሱ ጭረቱን ወደ ታች ወደ እግሩ ያወርደዋል፦ ሊ፣ ቢ፣ ሚ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ሌ፣ ቤ፣ ሜ። ይህን ያየች ልጅ ያላስተማርሻትን ፊደል ራሷ ትገምታለች። ያኔ ፊቷን ማየት ነው! ሳድሱና ሳብዑ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ማለቴ ነው፣ እንደየቤቱ ስለሚለያዩ እነሱን በብዛት አስደጋግሚያት።

በሀ አትጀምሪ። በለ፣ በመ፣ በሰ፣ በበ፣ በተ እና በነ ጀምሪ። በእነዚህ ስድስት ቤቶች ብቻ ሰላም ይነበባል፣ ቤት ይነበባል፣ ሎሚ፣ ተልባ፣ ልብስ፣ በለስ። ልጅ ቶሎ ቃል ካነበበ "አነበብኩ" ይላል፣ ከዚያ አይመለስም። በሳምንት ሁለት ቤት ብትይዙ በአራት ወር ገደማ ፊደሉ ያልቃል። የሳሙናና የፓስታ ካርቶን በመቀስ ቁረጪ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፊ፣ ምንጣፍ ላይ በትኚና ቃል ትሥራ። ሀና ሐ፣ ሰና ሠ የሚባለውን ለጊዜው አትጨነቂበት። ፊደል ስትጨርስ ደግሞ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ የአማርኛ የሥዕል ተረቶች በነጻ ይገኙበታል። በሳምንት አንድ አውርጂላት። አብራችሁ አንብቡ፣ አንቺ አንድ መስመር፣ እሷ አንድ መስመር።

ሒሳቡ ቤትሽ ውስጥ ነው። አንቺ ለአንዱ ሱቅ 25፣ ለሌላው 18 እንጀራ ስታስረክቢ ልጅቷ ትደምረው። በጣት ሳይሆን በክብሪት እንጨት። አሥር አሥሩን በክር ትሰር፣ የተረፈውን ለብቻ ታስቀምጥ። 25 ማለት ሁለት እስርና አምስት ነጠላ እንደሆነ በእጇ ከያዘችው፣ 1ኛ ክፍል ላይ ልጆች የሚደናቀፉበትን ትልቁን ጉብታ አለፈችው። መልስ ስትሰጪ ብሩን እሷ ትቁጠር። ማታ ደግሞ መሬት ቆፍራችሁ ገበጣ ተጫወቱ። ለመቁጠርና አስቀድሞ ለማሰብ ከገበጣ የተሻለ የተገዛ ጨዋታ አላየሁም።

የአካባቢ ሳይንስም ቡሃቃሽ ውስጥ አለ። ሊጡ ለምን ኩፍ ይላል? እርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ፣ ዱቄቱን እየበሉ አየር ያወጣሉ፣ የእንጀራው ዓይን ያ አየር የወጣበት ነው። ነሐሴ ላይ ለምን ይዘገያል? ብርድ ስለሚያደክማቸው። ሁለት ጣሳ ሊጥ አድርጊ፣ አንዱን ምድጃ አጠገብ፣ አንዱን ውጭ። ጠዋት ትይና ያየችውን ትሳለው።

እንግሊዝኛውን አትፍሪው። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ከቻለ ሁለተኛውን ለማንበብ ይቀለዋል። ስለዚህ አንድ ተርም ቢዘገይ አይጎዳም። ከዚያ በሠፈርሽ 11ኛ ወይ 12ኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ፈልጊ፣ በሳምንት ሦስት ቀን 20 ደቂቃ ታስተምርልሽ፣ አንቺም በእንጀራ ካሺያት። ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

የመጨረሻው፣ ማስረጃ። ደብተሯ ላይ በየቀኑ ቀን ጻፊ። በየወሩ አንድ የጻፈችውን ገጽ ካርቶን ውስጥ አስቀምጪ። ለምዘና ስትሄዱ ካርቶኑን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ለጨዋታና ለጓደኛ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ፣ እንደ እምነታችሁ። ብቻዋን አታሳድጊያት።

ጥያቄ፦

እህት፣ ሰላም ነው? ከአዘዞ ነው። አናጢ ነኝ። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ 4ኛ ክፍል ላይ እያለ ትምህርቱ ተቋረጠ። እኔ ላስተምረው ስል አይሰማኝም፣ ስልክ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው። ስናደድ እመታዋለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም እንኳረፋለን። ምን ላድርግ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ዱላውን ዛሬ አስቀምጠው። ልቆጣህ ብዬ አይደለም። እየፈራ የተማረ ልጅ የሚይዘው ፍርሃቱን ነው፣ ማካፈሉን አይደለም። እኔም ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አየሁት። ስልኩንም አትሰባብርበት። "ከትምህርቱ በኋላ አንድ ሰዓት" በለውና በቃልህ ጽና፣ አንድም ቀን ሳትለዋውጥ።

አንተ ደግሞ የታደልክ አስተማሪ ነህ። አናጢ ነህ! 4ኛ ክፍል ላይ ልጆችን የሚጥላቸው ክፍልፋይና ልኬት ነው፣ ያ ደግሞ እንጀራህ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ይዘኸው ሂድ። መጋዙን ሳይሆን ሜትሩን ስጠው። 2 ሜትር ጣውላ አምስት እኩል ቁራጭ ቢሆን እያንዳንዱ ስንት ሴንቲሜትር ነው? ሩቡ ስንት ነው? ግማሹና ሩቡ ሲደመርስ? መጀመሪያ ይገምት፣ ከዚያ ይለካ። ቢሳሳት አትሳቅበት፣ የተሳሳተውን ጣውላ ላይ በእርሳስ ያስምርበትና ራሱ ይይ። ማታ የዕለቱን ሥራ በአምስት መስመር ደብተር ላይ ይጻፈው። ይኸው አማርኛውም ሆነ።

ለታሪኩ ከተማችሁ ይበቃል። አንድ እሑድ ታክሲ ይዛችሁ ፒያሳ ውጡ። የፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፣ በሮቹ 12። ከውጭ ሆኖ መዞር አያስከፍልም። እርምጃው ግማሽ ሜትር ቢሆን ዙሪያውን በስንት እርምጃ ይጨርሰዋል? መጀመሪያ ደብተር ላይ ያስላ፣ ከዚያ ይሂድና ይቁጠር። ቁጥሩ አይገጥምም፣ ለምን እንዳልገጠመ ስታወሩ ነው ትምህርቱ። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ በአውሮፓ 1636። ዩኔስኮ ግቢውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በአውሮፓ 1979። በመሀሉ ስንት ዓመት አለ? የእኛና የእነሱ ቆጠራ ለምን አንዴ በ7፣ አንዴ በ8 ይለያያል? መስከረምና ጥር ላይ ልዩነቱን ራሱ ያግኘው። የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የዳዊት አዳራሽ፣ የምንትዋብ ግንብ፣ ማን ከማን በኋላ እንደ ነገሠ በመስመር ይሳለው። ስልኩ እዚህ ላይ ይጥቀም፦ ፎቶ ያንሳ፣ ከየፎቶው ሥር ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

አንድ የሳይንስ ጥያቄም ስጠው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። መተማ ቆላው ላይ የተጣደ የባቄላ ንፍሮና እዚህ የተጣደ የትኛው ቶሎ ይበስላል? ይህን ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ስማው።

ስምምነታችሁ እስኪመለስ አንድ ወር ስጠው። ታናሽ እህት ወይ ወንድም ካለው ደግሞ በቀን 15 ደቂቃ ፊደል ያስቆጥር፣ ማስተማር የጀመረ ልጅ መማር አያስጠላውም።

ጥያቄ፦

እንደምን አለሽ ልጄ። ይህን የምትጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። እኔ ማንበብ አላውቅም። ከቁስቋም ሠፈር ነኝ። 6 ዓመት የሆነው የልጅ ልጅ አሳድጋለሁ። እግሬ ታሟል፣ የሚያደርስልኝ የለም። ያልተማረ ሰው ያስተምራል?

መልስ፦

እማማ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። አዎ፣ ያስተምራል። 6 ዓመት ላይ ልጅ የሚያስፈልገው ብዙ ቃል መስማትና ብዙ መናገር ነው፣ ያ እርስዎ ጋር ሞልቷል። ማታ ማታ ተረት ይንገሩት፣ በማግስቱ እሱ መልሶ ይንገርዎ። እንቆቅልህ ይበሉት። መልሱን ሲያጣ "አገር ስጠኝ" ይሉት የለ? እሱ አገር ሲሰጥዎ ደምቢያ፣ ጭልጋ፣ ደባርቅ፣ ወገራ እያለ አገሩን ያውቃል። ቡና ሲያፈሉ ሲኒውን ይቁጠር፣ ስኳሩን ይስፈር። የሳምንቱን ቀንና 13ቱን ወር በቃሉ ይያዝ፣ በዓላቱን ደግሞ እርስዎ ያስይዙት።

ፊደሉን ይህን ደብዳቤ የጻፈችልዎ ልጅ በቀን ግማሽ ሰዓት ታስቆጥረው። እርስዎ አጠገባቸው ይቀመጡ። በሚቀጥለው ዓመት 7 ሲሆነው 1ኛ ክፍል ይገባልና፣ እስከዚያ የሚያደርስልዎትን ሰው ከዕድርዎም ከጎረቤትም ቢያፈላልጉ መልካም ነው። የልደት ካርዱንም ከአሁኑ ያውጡለት።

ፊደል ገበታ ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ይገኛል። ሲያስገዙ በትልልቁ የተጻፈውን ያስመርጡ። ለእርስዎም ዓይን ይሁን፣ ልጁ ሲቆጥር አብረው ይቆጥራሉ።